ዶላሩ መውጣቱን ያቆመበትን ቀን ፍለጋ

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት አንድ የቆየ ስሕተቴን ወረቀት ላይ ዘርግቼ ለመመርመር ነው። የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ፣ ከጃፓን የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። አቅራቢዎቻችን ፕሮፎርማ የሚልኩልን በየን፣ እኛ ኤልሲ (ባንክ ለአቅራቢው ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) የምንከፍተው ደግሞ በዶላር ስለሆነ፣ አንድ ዶላር ስንት የን እንደሚያወጣ መከታተል የዘወትር ልማዴ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 2022፣ ዶላሩ 150 የን ሲሻገር ሥራ አስኪያጃችን «አሁን እንክፈት ወይስ ትንሽ እንቆይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዶላሩ ገና ይወጣልና ብንቆይ ይሻላል አልኳቸው። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ዶላር 127 የን አካባቢ ወርዶ ነበር። 15 ሚሊዮን የን የሚያወጣ ዕቃ በ150 ሒሳብ 100 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ በ127 ሒሳብ ግን ከ118 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ዶላር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ልዩነት የሚናቅ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እኔን ሦስት ዓመት ሙሉ የከነከነኝም ይኸው ዝምታቸው ነው።

ጥያቄዬ ጠባብ ነው። በዚያን ጊዜ፣ ነገ የሚሆነውን ሳላውቅ፣ የዶላሩ የመውጣት አዝማሚያ ማብቃቱን የሚያመለክት ነገር በዋጋው ላይ ይታይ ነበር ወይ? ይታይ ከነበረስ በየትኛው ቀን ላነበው እችል ነበር? ፎሬክስ የሚነግዱ ወጣቶች ይህን «ትሬንዱ አለቀ» ይሉታል። እኔ የምነግድበት ገንዘብ የለኝም፤ ሥራው በሙሉ ባለፈ ዋጋ፣ በእርሳስና በሚሊሜትር ወረቀት የሚሠራ ነው።

ጥቅምት 6

ሚሊሜትር ወረቀት ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀ። ፒያሳ ዱሮ የምገዛበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በ2016ቱ መልሶ ማልማት ከፈረሱት ቤቶች ጋር ስለሄደ፣ በመጨረሻ አራት ኪሎ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት መደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ ጥቅል አገኘሁ። ሁለቱን ትልልቅ ወረቀቶች በፕላስተር ቀጥዬ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት የን፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ደግሞ አንድ ቀን እንዲሆን ወሰንኩ። ከማርች 2022 እስከ ጃንዋሪ 2023 ያለውን የእያንዳንዱን ቀን መክፈቻ፣ ከፍታ፣ ዝቅታና መዝጊያ ዋጋ በእጄ እየገለበጥኩ ነው። ኮምፒዩተሩ በአንድ ሴኮንድ ይሥለው እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእጅ የተሣለ ቀን አይረሳም።

አዝማሚያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እዚህ ላይ ላስፍር። ቻርልስ ዳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ስለ አክሲዮን ገበያ ከጻፋቸው ነገሮች የተወረሰውና ዛሬም የሚሠራበት ትርጉም እንደሚለው፣ እያንዳንዱ ከፍታ ካለፈው ከፍታ፣ እያንዳንዱ ዝቅታም ካለፈው ዝቅታ በላይ እስከሆነ ድረስ ዋጋው ወደ ላይ እየሄደ ነው። እንግዲያው የአዝማሚያው ማብቂያ ይህ አደራደር የተሰበረበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል።

ጥቅምት 9

የሦስት ቀን ሥራዬን ቀደድኩት። ዋጋዎቹን ያገኘሁበት ምንጭ በሳምንት አምስት ሳይሆን ስድስት ቀን ይመዘግብ ነበር፤ ስድስተኛዋ የእሑድ መስመር ከቁመቷ ማነስ የተነሣ የእርሳስ ጭረት ብቻ መስላ ነው የምትታየው። የምንዛሬ ገበያ ሳምንቱን የሚከፍተው እሑድ ማታ በኒው ዮርክ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር እዚያ በጋ ሲሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ክረምት ሲሆን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ቀኑን በግሪንዊች እኩለ ሌሊት የሚቆርጥ ምንጭ ግን ከእሑድ ያገኛቸውን ጥቂት ሰዓቶች እንደ ሙሉ ቀን ይቆጥራቸዋል። በዚህም ሳቢያ እኔ «የ14 ቀን አማካይ» ያልኩት 12 የሥራ ቀን እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ፤ የዕለት ተዕለት ውጣ ውረዱም ከእውነተኛው አንሶ ታየ። ከእንግዲህ ቀኑ የሚዘጋው በኒው ዮርክ መዝጊያ ነው።

ጥቅምት 14

ዛሬ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰውን አርኤስአይ፣ የዋጋውን የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት ከ0 እስከ 100 የሚለካውን ቁጥር፣ ሠራሁ። መለኪያውን በ1978 ያስተዋወቀው ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስሌቱ ከሒሳብ ሠራተኛ አቅም በላይ አይደለም። በ14 ቀን ውስጥ ዋጋው የጨመረባቸውን ቀኖች ጭማሪ ደምሬ 8.4 የን፣ የቀነሰባቸውን ቀኖች ቅናሽ ደምሬ 2.8 የን ባገኝ፣ አማካያቸው በተከታታይ 0.60 እና 0.20 ይሆናል። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 3 ይወጣል፤ 100ን ለ4 አካፍዬ ውጤቱን ከ100 ስቀንስ 75 አገኛለሁ። ከ70 በላይ ሲሆን ገበያው ከመጠን በላይ ተገዝቷል ይባላል፤ ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲሠራ መለኪያው ከቀድሞው ከፍታው ካነሰ ደግሞ ዳይቨርጀንስ ይሉታል፣ የአዝማሚያው ማብቂያ ማስጠንቀቂያ ነው በሚል።

ወረቀቴ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። መለኪያው በማርችና በኤፕሪል 2022 ከ80 አልፎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር መለኪያው ያን ከፍታ መድረስ ተሳነው። ማስጠንቀቂያው በትክክል ታይቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በኤፕሪል መጨረሻ 131 የን የነበረው ዶላር በኦክቶበር 151.9 ደረሰ። ማስጠንቀቂያውን አምኖ ዶላሩን የሸጠ ሰው 20 የን ተቃራኒውን አቅጣጫ ቆሞ ያይ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለራሴ ያስረዳሁት በእንጦጦ መንገድ ነው። ዳገቱን የሚወጣ አውቶቡስ ማርሽ ሲለውጥ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ቁልቁል አይመለስም። አርኤስአይ የሚለካው ፍጥነትን ነው፤ አቅጣጫውን አይነግረንም። እኔ ደግሞ የምፈልገው አቅጣጫው የተለወጠበትን ቀን ነው። ስለዚህ ይህን መለኪያ ወረቀቱ ጥግ ላይ አሰፈርኩት፣ ጣልኩት ግን አላልኩም።

ጥቅምት 18

አራት ኪሎ ስታትስቲክስ የምታጠናው የእህቴ ልጅ ቢሮ መጥታ ሥራዬን አየችና፣ «ጋሼ፣ ኦክቶበር ላይ እንደሚያልቅ አስቀድመው እያወቁ እንዴት ይፈትናሉ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ያለቀ ታሪክ ላይ ጫፉን ማየት የማይችል የለም።

ከዚያም የራሷን ፈተና አዘጋጀችልኝ። የየት አገር ገንዘብ እንደሆነ ሳትነግረኝ፣ ቀንና ዋጋ ያልተጻፈበት አንድ ቻርት ይዛ መጣች፤ በካርቶን ሸፍናም አንድ አንድ ቀን ብቻ እያሳየችኝ ወደ ቀኝ ትስበው ጀመር። ዋጋው ወደ ታች የሚሄድ ነበር። እኔ ደግሞ «እዚህ ላይ አበቃ» የምልበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እንዳደርግበት ተስማማን። አራት ጊዜ አበቃ አልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ዋጋው ጥቂት ተመልሶ እንደገና ቁልቁል ሄደ። አምስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ፣ መሳሳቱ ስለሰለቸኝና እሷም ፊት ስላፈርኩ፣ ዝም አልኩ። እውነተኛው ማብቂያ ያ ነበር።

ካርቶኑን አንሥታ ወረቀቱን ስትገለብጠው የገዛ ራሴ የዶላርና የየን ቻርት ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ ወደ ታች ገልብጣ ነበር የሣለችው። አራቱ የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች የሜይ ማፈግፈግ፣ የጁላይ አጋማሽ ከፍታ፣ የጁላይ መጨረሻና የሴፕቴምበር 22 ውድቀት ናቸው።

ጥቅምት 20

መብራት ስለጠፋ ምንም አልተሠራም። በሻማ ብርሃን የእርሳስ መስመር ማንበብ ለዓይን አይመከርም።

ጥቅምት 25

ሴፕቴምበር 22 እና ኦክቶበር 21 ለምን ተለያዩ? ዛሬ ሙሉ ቀኔን የወሰደው ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ቀን የሆነው በላይ በላዩ ሲታይ አንድ ነው። በሴፕቴምበር 22 የጃፓን ገንዘብ ሚኒስቴር ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶላር ሸጦ የን በመግዛት ገበያው ውስጥ ገባ፤ ዶላሩም ከ145.9 ወደ 140.3 ወረደ። አንድ ወር ሳይሞላ ግን 150ን ተሻገረ። በኦክቶበር 21 ሚኒስቴሩ እንደገና ገባ። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 5.62 ትሪሊዮን የን ማውጣቱ ኋላ ላይ በይፋ ታውቋል፤ ዶላሩም ከ151.9 ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 146 ተወረወረ። በዚያን ቀን ምሽት ላይ ስልኬን እያየሁ «ሴፕቴምበር ላይም እንዲሁ ሆኖ ተመልሷል» ማለቴን አስታውሳለሁ። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የታየ ነገር ሁለተኛም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነበር የፈረድኩት።

ልዩነቱ ከዋጋው ውጪም ከዋጋው ውስጥም ነበር። ከውጪ የአሜሪካ የ10 ዓመት ቦንድ ወለድ አለ። ጃፓን ወለዷን ከዜሮ በታች ይዛ ስለነበር፣ ዶላሩን ወደ ላይ የሚጎትተው ዋናው ገመድ ይህ ወለድ ነው። በሴፕቴምበሩ ጣልቃ ገብነት ጊዜ ወለዱ ገና እየወጣ ነበር፤ በኦክቶበር 21 ግን 4.3 በመቶ አካባቢ ደርሶ ከዚያ መለስ አለ። ሚኒስቴሩ ሴፕቴምበር ላይ ገመዱ እየተሳበ ሳለ፣ ኦክቶበር ላይ ግን ሲላላ ነው የገፋው።

ከውስጥ ያለው ግን ይበልጥ አስደነቀኝ፣ ምክንያቱም ወረቀቴ ላይ በግልጽ ተሥሎ ሳለ አላየሁትም ነበር። ከኦክቶበር 21 በኋላ ዶላሩ ወደ 145 አካባቢ ወረደና ተመልሶ በኦክቶበር 31 ወደ 148.8 ወጣ፤ ይህ ከ151.9 ያነሰ ከፍታ ነው። ከዚያም በኖቬምበር 2 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን በ0.75 በመቶ ነጥብ ጨመረ። ሊቀመንበሩ ጄሮም ፖወልም የመጨረሻው የወለድ ደረጃ አስቀድሞ ከታሰበው ከፍ እንደሚል ተናገሩ። ለዶላር ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረም፤ ሆኖም ዋጋው የኦክቶበር 31ዱን ከፍታ እንኳ ማለፍ አልቻለም። መልካም ዜና ሰምቶ የማይወጣ ዋጋ ካየሁ ወዲህ፣ ለዚህ ምልክት ከአርኤስአይ የበለጠ ክብር እሰጣለሁ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 10፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ተኩል ላይ፣ የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ8.2 ወደ 7.7 በመቶ መውረዱ ተነገረ። ዶላሩ በዚያው ቀን ከ146 አካባቢ ወደ 141 አካባቢ ወረደ። የ145ቱ ዝቅታ ተሰበረ። በማግሥቱ ደግሞ የሴፕቴምበር 22ቱ 140.3 ተሰብሮ ቀኑ ከዚያ በታች ተዘጋ።

ኅዳር 2

ዝቅታው ሲሰበር አዝማሚያው አበቃ ማለት ይቻላል እንግዲህ፤ ግን የትኛው ዝቅታ? በእህቴ ልጅ ፈተና የተሳሳትኩት ይህን ባለመለየቴ ነው። በሜይ 2022 ዋጋው የኤፕሪል መጨረሻውን ዝቅታ በጥቂቱ አልፎ ተመለሰ። በጁላይ መጨረሻም የጁላይ 1ን ዝቅታ፣ 134.7 አካባቢ ያለውን፣ በግልጽ ሰብሮ እስከ 130.4 ወረደ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን 150 ገባ። የተሰበረ ሁሉ ማብቂያ አይደለም።

ስለዚህ ዝቅታዎቹን በማፈግፈጋቸው ስፋት ለያየኋቸው። ለዚህ የተጠቀምኩት ያው ዋይልደር ያስተዋወቀው ኤቲአር ነው፤ ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ በአማካይ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይነግራል። ከከፍታው እስከ ዝቅታው ያለው ርቀት ከኤቲአሩ ሁለት እጥፍ ካላለፈ ዝቅታውን አልቆጥረውም አልኩ። የጁላይ 1 ማፈግፈግ ከ2.5 የን ያነሰ ስለነበር ወደቀ። የጁን 16ቱ፣ 131.5 አካባቢ ያለው፣ አራት የን ያህል አፈግፍጎ ስለነበር አለፈ። የሴፕቴምበር 22ቱም አለፈ። በተጨማሪ መሰበሩን የምቀበለው በመዝጊያ ዋጋ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ምክንያቱም በኦገስት 2 ዋጋው በቀኑ ውስጥ ከጁን 16ቱ ዝቅታ በታች 130.4 ቢደርስም፣ ቀኑ የተዘጋው ወደ 133 ተመልሶ ነው። ካርቶኑ ወደ ቀኝ እየተሳበ እያለ ያ ቀን ሲመሽ ማየት ነበረብኝ።

በዚህ ደንብ ወረቀቴ ላይ አንድ ቀን ብቻ ቀረ፤ ኖቬምበር 11። ዋጋው በዚያን ጊዜ ከጫፉ 13 የን ያህል ወርዷል፤ የቀረው ወደ 127 የሚደርሰው ጉዞ ደግሞ ከ11 የን በላይ ነው። ከግማሽ በላዩን አምልጦኝ ግማሽ ያህሉን እይዝ ነበር ማለት ነው። ለድርጅታችን ሒሳብ ይህ በቂ ነበር።

ኅዳር 5

ተንቀሳቃሽ አማካዮችን፣ ማለትም ያለፉትን 50 ወይም 200 ቀኖች የመዝጊያ ዋጋ በየቀኑ እያደሱ የሚያሳዩ መስመሮችን፣ ሞከርኩ። በኖቬምበር 10 ዋጋው ከ50 ቀኑ አማካይ በታች ስለተዘጋ፣ ይህ መስመር ከዝቅታው ደንብ ጋር በአንድ ቀን ልዩነት ይስማማል። የ50 ቀኑ ከ200 ቀኑ በታች እስኪወርድ የሚጠብቅ ሰው ግን ምልክቱን የሚያገኘው በጃንዋሪ፣ ገበያው ወደ ሥሩ ሲደርስ ነው። ይህኛውን አልደገምኩትም።

ኅዳር 9

የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ተቃውሞዋን ይዛ መጣች፤ ሁለት እጥፍ የሚለውን ልክ ያገኘሁት መልሱን አይቼ ነው፣ ጫማውን የሰፋሁት በዚሁ እግር ልክ ነው። ስለዚህ ደንቡን ሳልነካ ሌላ ቦታ መሞከር ነበረብኝ።

በመጀመሪያ ዩሮን ወሰድኩ። ዩሮ በዚያው በ2022 በዶላር ሲወድቅ ቆይቶ በሴፕቴምበር 28 ወደ 0.9536 ወርዷል። በመውደቅ አዝማሚያ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ስለሚነበብ፣ የምጠብቀው የመጨረሻው ትልቅ ከፍታ፣ በሴፕቴምበር አጋማሽ የታየው 1.02 አካባቢ፣ ወደ ላይ መሰበሩን ነው። ኖቬምበር 11 ሲዘጋ ዩሮ 1.03ን አልፏል። ቀኑን ሳይ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ፤ የየኑ መሰበሪያ ሰሞን ነው። ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች በአንድ ሰሞን ከዶላር ጋር ያላቸውን አደራደር ከሰበሩ፣ ያበቃው የዶላሩ አዝማሚያ ነው እንጂ የጃፓን ሚኒስቴር ብቻውን የሠራው ሥራ አይደለም። በዚያን ዓመት የየኑን ቻርት ብቻ እያየሁ ስለነበር ይህን የማወቂያ መንገድ አልነበረኝም።

ቀጥሎ 2024ን ሞከርኩ። ዶላሩ በጁላይ 3 161.9 የን ደረሰ፤ በፊቱ ያለው ትልቅ ዝቅታ በጁን መጀመሪያ 154.5 አካባቢ ነው። በጁላይ 24 ዋጋው ከዚያ በታች ተዘጋ። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ያሳደገው ከሳምንት በኋላ በጁላይ 31 ሲሆን፣ ዶላሩ በኦገስት 5 ከ142 በታች ወረደ። እዚህ ላይ የዋጋው መሰበር ከዜናው ቀድሟል፤ ወረቀቱ ግን ምክንያቱን አልነገረኝም ነበር።

ሁለት ፈተና ማለፍ ብዙ አይደለም። የእህቴ ልጅም ይህንኑ ሳትሸሽግ ነገረችኝ፤ ሠላሳ ያህል ካልሠራሁ በቀር ምንም ማለት እንደማልችል አስጠንቅቃኝ ሄደች።

ኅዳር 14

ከቢሮው ስወጣ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ የምንዛሬ ተመን የሚያሳየውን ሰሌዳ እያየሁ፣ ደንቡን በብር ላይ ብሞክረውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ማታ ሞክሬ ተውኩት። በጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይፋዊ ተመን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የሚሄድ ለስላሳ መስመር ነው። ከፍታም ዝቅታም የለው፣ ኤቲአሩ ከቁጥር አይገባ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደበት ቀን፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 75 ብር ተጠጋ። ያን ቀን አስቀድሞ የሚያሳይ አንድም ሚሊ ሜትር በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ስዊዘርላንድም በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ፍራንኳን ከዩሮ ጋር ያሰረችበትን የ1.20 ወለል ስታነሣ የሆነው ይኸው ነው፤ መስመሩ ከወለሉ ላይ ተኝቶ ሳለ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰበረ። ገዢና ሻጭ የሚጎትቱት ዋጋ ድካሙን ያሳያል፤ በውሳኔ የተያዘ ዋጋ ግን ውሳኔው እስኪለወጥ ድረስ ምንም አያሳይም። የእኛ ኤልሲ ሁለቱንም ይዟል፤ ከየን ወደ ዶላር ያለውን ክፍል በዚህ ደንብ ልከታተለው እችላለሁ፣ ከዶላር ወደ ብር ያለውን ግን አልነካውም።

ኅዳር 16

ወረቀቱን ጠቅልዬ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ኦክቶበር 21ን፣ ኦክቶበር 31ን፣ ኖቬምበር 11ን በእርሳስ እያሳየሁ ሳስረዳቸው ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ሲያበቃ፣ «ታዲያ አሁን ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። በዚያ ፈንታ በአዲሱ ፕሮፎርማ ጀርባ ላይ አንድ ቁጥር ጻፍኩላቸው፤ ቁጥሩ የመጨረሻው ትልቅ ዝቅታ ነው። ገበያው ከእሱ በላይ እስከተዘጋ ድረስ ጊዜ እንዳለን፣ አንድ ቀን ከእሱ በታች ተዘግቶ ካደረ ግን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ባንክ መሄድ እንዳለብን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩትና፣ «ማነው ሌሊት 7 ሰዓት ተነሥቶ የሚያየው?» አሉ።

ጠዋት ስገባ አየዋለሁ አልኳቸው። ወረቀቷን በስቴፕለር ከፕሮፎርማው ጋር አያይዘው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ደግሞ የቀሩትን ሃያ ስምንት ፈተናዎች ለመጀመር ዛሬ ሌላ ጥቅል ሚሊሜትር ወረቀት ገዛሁ።